የሶፋ ቀለም ሱቅ ውስጥ አይመረጥም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሳሎን ዕቃ ስንወያይ ብዙ አድማጮች መስመር ላይ እያሉ ሰዓቱ አለቀብን። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ስለ ሶፋ ቀለም ነበሩ። አይገርመኝም። ሶፋ የስንት ወር ቁጠባ የሚወጣበት፣ ከተገዛ በኋላም ለዓመታት በየቀኑ የምናየው ዕቃ ነው። ቀለሙ ካልተስማማን እንደ ሸሚዝ አጣጥፈን ቁም ሳጥን ውስጥ አንደብቀውም። ስለዚህ ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ዛሬ ላንሳ።

«ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምደውለው። ሱቅ ውስጥ ሳየው ሞቅ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ አመድማ ሶፋ ነበር። ቤት ገብቶ ማታ መብራት ሳበራ ግን ብረት መሰለብኝ። ጨርቁን ቀይረውብኝ ይሆን?»

እህቴ፣ ጨርቁ የተቀየረ አይመስለኝም፤ የተቀየረው መብራቱ ነው። ብዙ የሶፋ መሸጫዎች ጣሪያቸው ላይ ቢጫ ብርሃን የሚሰጡ አምፖሎች ይደረድራሉ። ቢጫ ብርሃን ደግሞ አመድማውን፣ ቡናማውን፣ ክሬሙን ሁሉ ያሞቀዋል። አንቺ ቤት ያለው ነጩ አምፖል ሳይሆን አይቀርም። ካርቶኑን ካልጣልሽው ተመልከቺው፦ 6500 ኬልቪን የሚል ከሆነ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ 2700 ወይም 3000 ከሆነ ወደ ቢጫ። ከሻጩ ጋር ከመሟገትሽ በፊት 3000 የሚል አምፖል ገዝተሽ ለአንድ ምሽት ሞክሪ። ብዙ ጊዜ ቅሬታው እዚያው ላይ ያበቃል።

ቀን ቀን ደግሞ የመስኮትሽ አቅጣጫ ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። በዚህም ምክንያት በበጋ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ስለምትጓዝ በደቡብ መስኮት ዘልቃ ትገባለች። በሰኔ ወደ ሰሜን ብታልፍም ያኔ ደመናው ይጋርዳታል። ስለዚህ መስኮቱ ወደ ሰሜን ብቻ የሆነ ሳሎን ዓመቱን ሙሉ ቀዝቀዝ ያለ ብርሃን ነው የሚያገኘው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ ሶፋ ሲጨመርበት ቤቱ ጭራሽ ይበርዳል። ወደ ምዕራብ በሚያይ ሳሎን ግን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የምትገባው ፀሐይ ቀይና ብርቱካን ሶፋን ታንቦገቡገዋለች። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ቶሎ ታደበዝዛለች፤ መስኮት ሥር የሚውል ደማቅ ሶፋ መጋረጃ ያስፈልገዋል።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ይህን አድርጉ፦ የጨርቁን ናሙና ቤት ውሰዱ። መዳፍ የምታክለው ቁራጭ አትበቃም፤ ከፍላችሁም ቢሆን ግማሽ ሜትር አስቆርጡና ሶፋው በሚቀመጥበት ቦታ በወንበር መደገፊያ ላይ ስቀሉት። መሬት ላይ አትዘርጉት፤ የተዘረጋ ጨርቅ ብርሃን ከላይ ስለሚያርፍበት ከእውነተኛ መልኩ ይልቅ ፈካ ብሎ ይታያል። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ ማታም መብራት አብርታችሁ እዩት። ሦስቱንም ጊዜ ከወደዳችሁት ግዙት። ማታ ብቻ ቤት የምትገቡ ሠራተኞች ከሆናችሁ የማታው ፍርድ ይበልጣል።

«ሦስት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ክሬም ሶፋ ትላለች፤ እኔ ቆሻሻ እንዳያሳይ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን እላለሁ። ማናችን ነን ትክክል?» (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ጥቁር ቀለም ቆሻሻ አያሳይም የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የቡና ጠብታ ይደብቃል፤ አቧራን፣ የዳቦ ፍርፋሪንና የጥጥ ብናኝን ግን ያጋልጣል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እንግዶች አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሲነሱ ያየሁት አይረሳኝም። ነጠላቸው ያረፈበት ቦታ ሁሉ፣ የትከሻቸው ቅርጽ ሳይቀር፣ በነጭ ብናኝ ተስሎ ቀርቶ ነበር። የቤቱ እመቤት ያን ቀን እንግዳ ባስነሣች ቁጥር ብሩሽ ይዛ ትዞር ነበር። ጋቢና ነጠላ በሚለበስበት ቤት ጥቁር ሶፋ ሁልጊዜ ሥራ ይፈጥራል።

ባለቤትዎም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደሉም። ክሬም ነጠላውን ይሸሽግና እጅ የሚያርፍበትን ክንድ ያጠቁረዋል። ጭንቅላት የሚደገፍበት ቦታም ቅባት ይጠጣል፤ ፀጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናት ወይም አክስት ካሉ በጥቂት ሳምንት ይታያል።

እኔ የምመክረው ሰርገኛ ጤፍ የመሰለ ጨርቅ ነው። አንድ ወጥ ቀለም ሳይሆን ፈዛዛና ጠቆር ያለ ክር ተደባልቆ የተሸመነ፣ ከሩቅ ሲታይ መካከለኛ ቡናማ ወይም መካከለኛ አመድማ የሚመስል ማለቴ ነው። ዓይን ክሩን ከፍርፋሪው፣ ብናኙን ከክሩ መለየት ስለሚያቅተው ቤቱ በእንግዳ መካከልም ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ከሽንሽን ልብስና ከጋቢ ጋር ለሚኖር ቤት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ልጆች ካሉ ወጥ መድፋታቸው አይቀርምና እሱንም ልንገርዎት። የበርበሬ ቀለም ከዘይት ጋር ነው የሚጓዘው፤ በውኃ ብቻ ቢፈትጉት ይሰፋል እንጂ አይለቅም። መጀመሪያ በማንኪያ ያንሡት፣ ከዚያ ዘይቱን የሚመጥ ደረቅ ዱቄት ነስንሰው ይቆዩ፣ ዱቄቱን ጠርገው በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በቀስታ እየነካኩ ያንሡት። አልጫ ሲደፋ ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር ይከሰታል፦ ቢጫው እድፍ የልብስ ሳሙና ሲነካው ወደ ቀይ ይለወጣል። ጨርቁ ተበላሽቶ አይደለም። በእርዱ ውስጥ ያለው ቀለም እንደ ልብስ ሳሙና ያለ ነገር ሲያገኘው የሚሰጠው ምላሽ ነው፤ በውኃ የተበረዘ ጥቂት ኮምጣጤ ወደ ቢጫው ይመልሰዋል። የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም። ኮምጣጤውን በማይታይ ጥግ ላይ አስቀድመው ይሞክሩት።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ሰርገኛ መሳዩ ጨርቅ እንደ ባለቤትዎ ምርጫ ወደ ፈካው ያድላ፣ እርስዎ ደግሞ የትራሶቹ ሽፋን በዚፕ የሚወልቅና የሚታጠብ እንዲሆን አጥብቀው ይያዙ። ልጆች ባሉበት ቤት ከቀለሙ ይልቅ ዚፑ ያድናል።

«ሶፋዬ ወይን ጠጅ ከፋይ ነው። ከሟች ባለቤቴ ጋር የገዛነው፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ልጆቼ ከውጭ አገር ሲመጡ ‹እማዬ፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ግራጫ እንግዛልሽ› ይሉኛል። እኔ ግን ግራጫ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።» (ከጉለሌ)

እናቴ፣ መልሱን ራስዎ ተናግረውታል። ግራጫ አይቶ ደስ ብሎት የማያውቅ ሰው ግራጫ ሶፋ ላይ ቀሪ ዘመኑን መቀመጥ የለበትም። ልጆችዎ ይህን የሚሉት በፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን እነሱ ለሳምንታት መጥተው ይሄዳሉ፤ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው እዚያ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት። የሰው የራሱ ጣዕም በፋሽን መጽሔት ውስጥ አይገኝም። ቁም ሳጥንዎን ይክፈቱ፤ ደጋግመው የሚለብሱት ቀሚስ፣ ለበዓል የሚያወጡት ሻርፕ ቀለሙ ምንድን ነው? እኔ እንደምገምተው ግራጫ አይደለም።

ቀይ መቀመጫ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የሐረሪን ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋርን፣ ያየ ሰው ያውቀዋል። እንግዳ የሚቀመጥበት ከፍ ብሎ የተሠራው መደብ፣ ነደባ የሚሉት፣ ቀይ ይቀባል፤ ሽማግሌዎች ቀይነቱን በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም መታሰቢያ ጋር ያያይዙታል። ከበስተጀርባው ግድግዳው ነጭ ነው፤ ነጩ ላይ በየቀለሙ የተሰፉ ስፌቶች ይሰቀላሉ። ያ ሁሉ ቀይ ዓይን የማይወጋው ነጩ ስላለ ነው። የእርስዎንም ሳሎን በዚያ ዓይን ይዩት።

ሶፋው ያረጀ ከመሰልዎ መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን ይመርምሩ። ሚሼል ኡዤን ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የሽመና ማዕከል የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ይቀርብለት ነበር። መርምሮ ሲያየው ክሩ ምንም አልሆነም፤ ያደበዘዘው ጎኑ ላይ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ይህን ጥናቱን በ1839 አሳተመ፤ እኔም የሰው ቤት ስገባ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። መጋረጃዎ አረንጓዴ ከሆነ ወይን ጠጁ ይጮኻል። ወደ ክሬም ቢቀይሩት ያው ሶፋ ረጋ ይላል፣ ዋጋውም ከሶፋ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

እንጨቱ ሲቀመጡበት ካልተንቋቋ አጥንቱ ጤነኛ ነው። ስፖንጁን ያስቀይሩ፣ በዚያው በወይን ጠጅ ከፋይ ያስለብሱት። መደገፊያው ላይ ይጣል የነበረው ዳንቴል ካለ አጥበው፣ በስታርች አድርቀው ይመልሱት። ነጭ ዳንቴል በወይን ጠጅ ከፋይ ላይ ሲያርፍ፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ቀዩ ብልጭ ሲል፣ ልጆችዎ ራሳቸው ፎቶግራፍ ያነሡታል።

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ምንጣፉ ፈዛዛ፣ ቀለም መቀባት አይፈቀድም። አገሬን የሚያስታውሰኝ ሶፋ እፈልጋለሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ትራስ ላድርግበት?»

ናፍቆትህ ይገባኛል። ግን አገርህን ከሰንደቅ ዓላማ ይልቅ ከእናትህ ሳሎን ፈልገው። ዓይንህን ጨፍነህ አስበው፦ የጀበናው ጥቁር፣ የተቆላ ቡና ቀለም፣ የመሶቡ ስንደዶ ወርቃማነት፣ መሬት ላይ የተጎዘጎዘው ቄጤማ። ለትልቁ ዕቃ፣ ለሶፋው፣ ከቡናው ወይም ከስንደዶው ቤተሰብ ውሰድ። የቄጤማውን አረንጓዴ ለአንድ ወይም ለሁለት ትራስ ተወው። ነጭ ጋቢ ጥበቡ ወደ ፊት እንዲታይ አድርገህ ክንዱ ላይ ጣልበት። እዚያ የተቀመጠ የአገርህ ሰው ሳትነግረው ያውቀዋል።

ሞቃት ቀለም እንድትመርጥ የምገፋፋህ ሌላም ምክንያት አለኝ። በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ አንተ ያለህበት ግን 28 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቀኑም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከሥራ ስትወጣ ጨልሟል። ግድግዳው ነጭ፣ ውጭው ግራጫ በሆነበት ወቅት ሶፋውም ከቀዘቀዘ ክረምቱ ይከብድሃል። ግድግዳው ስላልተፈቀደልህ ቤቱን የሚያሞቀው ሶፋው ብቻ ነው፣ ስለዚህ አትፍራው።

«ጥቁር ሌዘር ሶፋ አምሮኛል። ምን ትላላችሁ?» (ከድሬዳዋ)

በድሬዳዋ ሙቀት አልመክርም። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሌዘር መሳይ ነው፤ ከላብና ከሙቀት ጋር ሲቆይ ይላላጣል፣ ጥቁርነቱም ፀሐይ ካገኘው መቀመጫ አያሰጥም። ፈካ ያለ ጥጥነት ያለው ጨርቅ ያድርጉ። ጥቁሩ ካማረዎት በሶፋው እግርና በጠረጴዛው ላይ ይሁን።

«ጀሞ ስቱዲዮ ቤት ነው ያለኝ። ምን ዓይነት ቀለም ቤቱን ሰፊ ያስመስለዋል?»

ከግድግዳህ ቀለም ብዙ የማይርቅ ሶፋ። ዓይን ግድግዳው የት እንዳለቀ፣ ሶፋው የት እንደጀመረ ለመለየት ሲዘገይ ክፍሉ ሰፋ ይላል። እግር ያለውና ከሥሩ ወለሉ የሚታይ ቢሆን ደግሞ ከቀለሙ ያልተናነሰ ይረዳሃል።

«ባለሙያ ጋ አዝዤ ላሠራ ነው፤ ቀለሙን መርጫለሁ። ሌላ ምን ልጠንቀቅ?» (ከአያት)

ቀለም መምረጥ አንድ ነገር ነው፣ የመረጡትን ማግኘት ሌላ። ጨርቁ በሙሉ ከአንድ ጣቃ እንዲቆረጥ ይጠይቁ። አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር ያለው ጨርቅ እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተነከረ መልኩ ጥቂት ይለያያል። ባለ ሦስቱና ባለ አንዱ መቀመጫ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። ከፋይ ከሆነ ደግሞ ጠጉሩ ሁሉም ቦታ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲተኛ ለባለሙያው ይንገሩት፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ከተሰፋ አንድ ሶፋ ሁለት ቀለም ይመስላል። ሲረከቡ እጅዎን ከላይ ወደ ታች ያሻሹበት፤ አንዱ መቀመጫ ለስልሶ ሌላው ከሻከረ ተገልብጧል ማለት ነው። ቀብድ ሲከፍሉ የጨርቁን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፣ ከዚያው ጣቃ የተቆረጠ አንድ ሜትር ተጨማሪም ይግዙ። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ትራስ ሲቀደድ ያን ቀለም ገበያ ላይ አያገኙትም።