ክቡ ቤተ ክርስቲያን በምን ይቆማል፣ በምን ይጎዳል? ከደብረ ማርቆስ የተሰናዳ የማብራሪያ ቪዲዮ ጽሑፍ

(ምስል፦ ከተማዋ ከሩቅ፤ ቀጥሎ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ጉልላት)

ደብረ ማርቆስ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ደብር ነው። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1853 ሲቆረቁሯት መንቆረር ትባል ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ነገሡ፤ ስመ መንግሥታቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። የወንጌላዊው ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የታነጸው በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ነው፤ መንቆረር የሚለው የከተማዋ ስምም በደብሩ ስም ተተካ።

ጎጃም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ክብ አይደለም። እቴጌ እሌኒ መርጡለ ማርያም ላይ ያሠሩት የተጠረበ ድንጋይ ሥራ ፍርስራሹ እንኳ ሌላ ዓይነት ጥበብ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ከዘጌ እስከ ደብረ ማርቆስ በብዛት የምናየው ግን ክቡን ነው።

(ምስል፦ ከላይ የታየ ንድፍ፤ ሁለት ክብ፣ መሀላቸው አራት ማዕዘን)

ከውጭ ስንገባ መጀመሪያ ያለው ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት ነው። ደባትሩ በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ የሚቆሙት እዚህ ነው። ቀጥሎ ሕዝቡ የሚቆርብበት ቅድስት አለ። መሀል ላይ ታቦቱ ያለበት መቅደስ ይገኛል፤ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባበትም። በልማዱ ወንዶች በሰሜኑ በር፣ ሴቶች በደቡቡ፣ ካህናት በምዕራቡ ይገባሉ።

አሁን ግንቡን ትተን ወደ ጣሪያው እንይ፤ የክቡ ቤት ምሥጢር ያለው እዚያ ነው። ሲያዩት የውጭው ግድግዳ ሁሉን የተሸከመ ይመስላል። ትልቁ ሸክም ያረፈው ግን መቅደሱ ላይ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከሌላው ከፍ ብሎ ይወጣና አናቱ ላይ ክብ አንገት ይሠራለታል። ወራጆቹ፣ ማለትም ክዳኑን የሚሸከሙት ረጃጅም እንጨቶች፣ ራሳቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው እንደ ጃንጥላ ዘንግ በቅድስቱ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ ማገሩ ዙሪያውን ያስራቸዋል። ሁሉም በሚገናኙበት ጫፍ ጉልላቱ ይተከላል። እንግዲህ ጉልላቱ ሥር አንዲት ቀዳዳ ብትከፈት ጠብታዋ የምታርፈው በቀጥታ መቅደሱ ላይ ነው። የክረምት ውኃ መጀመሪያ የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያች መገጣጠሚያ ነው።

ጥንት ክዳኑ ሣር ነበር። ሣር ውኃን የሚያወርደው ጣሪያው ቀጥ ሲል ነው፤ ከ45 ዲግሪ በታች ከተኛ ውኃው ይሰርግና ክዳኑ ይበሰብሳል። ቆርቆሮ መጣና ይህን ጣጣ አስቀረ፤ ሌላ አመጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ማኅሌት ሲቆም ያደረ ሕዝብ ትንፋሽና የጧፍ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ወደ ውኃ ይለወጣል፣ ንጋት ላይ ይንጠባጠባል። ሰው «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ደህናውን ቆርቆሮ ይቀይራል። መፍትሔው ከቆርቆሮው ሥር ጣውላ መምታትና ነፋስ መውጫ መተው ነው። ሌላው ጥፋት ቆርቆሮውን ለመቆጠብ ክፈፉን፣ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን የጣሪያ ጠርዝ፣ ማሳጠር ነው። ክፈፉ ወደ አንድ ሜትር ካልወጣ ዝናቡ መሬት መትቶ እየፈናጠረ የግድግዳውን እግር ይበላዋል።

(ምስል፦ የመቅደሱ ግድግዳ፣ በጣም ቀርቦ)

እዚህ ጋ እንቁም። ይህ ሥዕል በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣለ አይደለም፤ ጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በሙጫ የተለጠፈ ነው። በብዙ የጎጃም አድባራት የተለመደው ይህ ነው። ብርሃን ከጎን ሲወድቅበት ጨርቁ እዚህም እዚያም አበጥ አበጥ ብሎ ይታያል። እርጥበት የገባበት ሙጫ መልቀቁ ነው። በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ መታ ሲደረግ የለቀቀው ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ይህን በሚስማር መምታት ጨርቁን ይቀድደዋል፤ ጥላሸቱን በውኃ ማጠብም ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ሁለቱም በቅን ልብ ይደረጋሉ፣ ሁለቱም የማይመለስ ጉዳት ናቸው። ጧፍ ከግድግዳው ማራቅ ብቻ ብዙ ያድናል።

እርጥበቱ ከላይ ካልሆነ ከታች ነው። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን ውኃ በገጹ ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለሰን ትንፋሹ ይዘጋል፤ ውኃው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ሥዕሉ ጀርባ ይደርሳል። ሲሚንቶው ከውጭ አምሮ ሳለ ውስጡ ጭቃው ይፈርሳል። የጭቃ ግድግዳ የሚለሰነው በጭቃ ነው፦ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፣ ለቀናት እየተረገጠ ይደር፣ ስስ ስስ ተደርጎ ይመታ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ። ጭድ ካነሰው ይሰነጠቃል። ነጭ ማድረግ ከተፈለገ ኖራ ይቀባ፤ ኖራ አየር ያሳልፋል።

ጥገና ሲታሰብ ቅደም ተከተሉ ጉልላት፣ ክዳን፣ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ግድግዳ፣ በመጨረሻ ሥዕል ነው። ገንዘብ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከሥዕሉ ነው፤ የታደሰው ሥዕልም በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይረጥባል። ለፍተሻ ጥሩው ጊዜ የነሐሴ ማለቂያ ነው። ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ጠዋት፣ ቆርቆሮው ፀሐይ ሳያገኘው፣ አንድ ካህን በባትሪ ከመቅደሱ ውስጥ ወደ ጉልላቱ ሥር ቀና ብሎ ይይ። እንጨቱ ላይ ጥቁር የውኃ መንገድ ካለ፣ ሥራው የሚጀመረው እዚያ ነው።