ከብራንትፎርድ የወጡ ሰዎች፦ ከስልኩ መስመር እስከ ጓሮው በረዶ

[ምስል፦ የኦንታሪዮ ካርታ፣ ግራንድ ወንዝ]

ካናዳ ውስጥ፣ ከቶሮንቶ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ግራንድ ወንዝ ዳር ያለችው ይህች ከተማ ብራንትፎርድ ትባላለች። «የብራንት መሻገሪያ» ማለት ነው፤ የሞሐውክ (ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ) መሪ ጆሴፍ ብራንት ወንዙን የሚሻገርበት ቦታ ስለነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቤል ቤተሰብ በ1870 ከብሪታንያ እዚህ የመጣው ሁለት ልጆቹን የሳንባ ነቀርሳ ከነጠቀው በኋላ ነው። የተረፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን ሐሳብ በ1874 የጠነሰሰው በወላጆቹ ቤት ሳለ ነበር።

[ምስል፦ የሽቦ ጥቅል በቅርበት]

ኦገስት 10 ቀን 1876 ቤል 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በኦንታሪዮዋ ፓሪስ ተቀምጦ ከብራንትፎርድ የሚመጣውን ድምፅ ይጠብቃል። ባትሪው ያለው ግን ቶሮንቶ ነው። መጀመሪያ የሰማው ንግግሩን የዋጠ ጫጫታ ብቻ ነበር። በቴሌግራም «የሽቦ ጥቅሉን በባለ ከፍተኛ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን አብዝቶ በሚገታ) ቀይሩ» ብሎ አዘዘ፤ ሲቀየር ንግግሩ ጠራ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ረጅም መስመር የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ እንዲህ ያለው፣ ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ የተጠመጠመበት ጥቅል ግን ከዚያችው ትንሽ ኤሌክትሪክ ጠንካራ ማግኔት ያወጣል። ያን ቀን ድምፅ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለነበር መልሱም በቴሌግራም ነበር።

እዚሁ በ1915 የተወለደው ጄምስ ሂሊየር በ1938 ቶሮንቶ ውስጥ ከአልበርት ፕሪበስ ጋር የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠርቷል። ሩጫ ለምንወድ ደግሞ፦ የ1907ን የቦስተን ማራቶን ያሸነፈው ቶም ሎንግቦት ከከተማዋ አጠገብ ካለው የስድስቱ ሕዝቦች (የነባር ሕዝቦች) ምድር ነው።

[ምስል፦ ጓሮ፣ ሌሊት፣ ውሃ የሚረጭ ማጠጫ]

የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትዝኪም እዚሁ በ1961 ተወለደ። አባቱ ዋልተር የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ነበሩ፤ የቤል ካናዳ። በክረምት ጓሯቸውን በሣር ማጠጫ እያራሱ የበረዶ ሜዳ ያደርጉት ነበር። ውሃው ስስ ሆኖ በየደረጃው መርጋት አለበት፤ በአንዴ ከፈሰሰ ላዩ ብቻ ይረጋል፣ ሥሩ ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ መንሸራተቻ ጫማው ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ልጁ እዚያ ላይ በተደረደሩ ጣሳዎች መካከል ፓኩን (የሆኪውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) እየገፋ ይለማመድ ነበር።

በአሥር ዓመቱ በአንድ የውድድር ዘመን 378 ጎል አገባ። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል 894 ጎል አስቆጥሮ 1,963 ጊዜ ለጎል አቀብሏል። በሆኪ ጎልም ለጎል ማቀበልም እንደ ነጥብ ስለሚቆጠር፣ ጎሎቹን በሙሉ ብንሰርዝበት እንኳ፣ በማቀበሉ ብቻ ያገኘው ነጥብ ከየትኛውም ሌላ ተጫዋች ጠቅላላ ነጥብ ይበልጣል።