የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የሜሪላንድ የፍጥነት ቲኬት ሲመጣ

የዛሬዎቹ ደዋዮች በአብዛኛው ከሞንጎመሪ ካውንቲ ናቸው፤ ጥያቄያቸውም የፍጥነት ቅጣት ነው። መልሱ የሚሠራው ለሜሪላንድ ብቻ ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ታክሲ እነዳለሁ። 30 ማይል በሚባልበት መንገድ 43 ነድተሃል የሚል የ40 ዶላር ቲኬት በፖስታ መጣብኝ። ፖይንት ይያዝብኛል? ኢንሹራንሴስ ይጨምራል?

ሁለቱም የለም። የእርስዎ የካሜራ ቲኬት ነው። ካሜራው የሚያየው ታርጋውን እንጂ ማን እንደነዳ አይደለም፤ ስለዚህ ቅጣቱ በመኪናው ባለቤት ላይ ይወድቃል። ፖይንት (በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ) የለውም፣ ኢንሹራንስም ሊጠቀምበት አይችልም። ካሜራ የሚተከለው ደግሞ የስቴቱ ሕግ ስለፈቀደ ብቻ አይደለም፤ ካውንቲው ወይም ከተማው የራሱን ደንብ ማውጣት አለበት። በሜሪላንድ ቀድሞ የጀመረው ሞንጎመሪ ነው፣ በ2007።

ካሜራው ቲኬት የሚቆርጠው ከተፈቀደው ፍጥነት 12 ማይልና ከዚያ በላይ ሲታለፍ ነው። ቅጣቱ ድሮ ለሁሉም 40 ዶላር ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 (በፈረንጆች) ወዲህ ግን በደረጃ ሆኗል፦ እስከ 15 ማይል ትርፍ 40፣ ከ16 እስከ 19 ማይል 70፣ ከ20 እስከ 29 ማይል 120፣ ከ30 እስከ 39 ማይል 230፣ 40 ማይልና ከዚያ በላይ 425 ዶላር።

ከመክፈልዎ በፊት ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ ቦታው የትምህርት ቤት ክልል ነው ወይስ የመኖሪያ ሰፈር? የትምህርት ቤት ክልል ካሜራ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ቅዳሜ የተቆረጠ ከሆነ የሚከራከሩበት ነገር አለዎት። የመኖሪያ ሰፈሩ ላይ ግን ይህ የሰዓት ገደብ የለም። ሁለተኛ፣ የተላከበት ቀን። የሜሪላንድ ታርጋ ከሆነ ቲኬቱ ጥፋቱ ከተፈጸመ በ2 ሳምንት ውስጥ መላክ አለበት፤ የሌላ ስቴት ታርጋ ከሆነ በ30 ቀን። የሚቆጠረው የተላከበት ቀን እንጂ እርስዎ ፖስታውን የከፈቱበት ቀን አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ መኪናው የኔ ነው፣ የነዳው ግን ወንድሜ ነው። ምን ላድርግ?

ስልክ ደውሎ «እኔ አይደለሁም» ማለት አይሠራም። በመሐላ የተረጋገጠ ደብዳቤ ጽፈው ለዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ ይልካሉ። ደብዳቤው በዚያ ሰዓት እርስዎ እንዳልነዱ ይገልጻል፤ የነዳውን ሰው ስምና አድራሻ፣ ከተቻለም የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር ይይዛል። የሚላከው በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመረከቢያ ፊርማ ተመላሽ ተጠይቆበት ነው። በተራ ፖስታ የላከ ሰው ደብዳቤው ሳይቆጠርለት ይቀራል። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው አዲስ ቲኬት በወንድምዎ ስም ይወጣል። ለ40 ዶላር ይህን ሁሉ ማድረግ ይገባ እንደሆነ ከወንድምዎ ጋር ተነጋገሩበት። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ ግን በጊዜው ለፖሊስ ያመለከቱበት ሪፖርት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እኔ እንደዚያ አልነዳሁም፤ ካሜራው ተሳስቷል። እንዴት ነው የማሳየው?

ካሜራ ይሳሳታል። በ2012 ባልቲሞር ውስጥ ቆሞ ለነበረ መኪና የፍጥነት ቲኬት መጥቶ ከተማውን አነጋግሯል። ማጣሪያው ተራ ሂሳብ ነው። ከቲኬቱ ጋር የመጡትን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ያድርጉና የታተመባቸውን ሰዓት ይዩ። ፍጥነቱን በማይል ይዘው በ1.47 ሲያባዙ መኪናው በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሚሄድ ያገኛሉ። 43 ማይል በሰከንድ 63 ጫማ ገደማ ነው። በፎቶዎቹ መካከል ግማሽ ሰከንድ ካለ መኪናው ከ31 ጫማ በላይ፣ ማለትም የራሱን ርዝመት ሁለት ጊዜ ያህል መጓዝ አለበት። ከመንገዱ መስመር ወይም ከምሰሶ አንጻር ሲለኩት የተጓዘው አንድ የመኪና ርዝመት ብቻ ከሆነ ማስረጃው እጅዎ ላይ ነው።

ይህን ይዘው መጀመሪያ ለካውንቲው የካሜራ ክፍል በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ስህተት ሲገኝ ቲኬቱን የሚሰርዝ ኃላፊ አለ። ካልሆነ ቲኬቱ ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ ችሎት ይጠይቁ፤ ለካውንቲው ጽፌያለሁ ብለው ያ ቀን እንዳያልፍብዎ። የካሜራውን ዓመታዊ የፍተሻ ምስክር ወረቀት መጠየቅ ይችላሉ። የካሜራው ኦፕሬተር ቀርቦ እንዲጠየቅ ከፈለጉ ጥያቄው ከችሎቱ 20 ቀን በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት። ከተረቱ በቅጣቱ ላይ የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመራል።

ጥያቄ፦ እኔን ፖሊስ ነው ያስቆመኝ። 15 ማይል አልፈሻል ብሎ 90 ዶላር ቀጣኝ። በኢንተርኔት ልክፈለውና ልገላገል?

አይቸኩሉ። ይህ ከካሜራው ፈጽሞ ይለያል፤ መክፈል ማለት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው፣ ከ90 ዶላሩ ጋርም 2 ፖይንት ይመዘገብብዎታል። 30 ማይልና ከዚያ በላይ ካለፉ ደግሞ 5 ነው። 5 ሲሞላ ኤም ቪ ኤ (የሜሪላንድ የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ትምህርት ያስገባል፣ 8 ላይ መንጃ ፈቃድ ያግዳል፣ 12 ላይ ይሰርዛል። ለኡበርም ሆነ ለታክሲ ሾፌር ከገንዘቡ ይልቅ የሚያመው ይህ ነው።

በ30 ቀን ውስጥ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣሉ፦ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ምክንያት ማስረዳት፣ ወይም ሙሉ ችሎት። በሁለተኛው ፖሊሱ አይጠራም፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊቀንስ ይችላል። መዝገብዎ ንጹህ ከሆነ «ፒ ቢ ጄ» የሚባለውን (ዳኛው ጥፋተኛ ነህ የሚል ፍርድ ሳይመዘግብ በአመክሮ የሚያልፍበትን ውሳኔ) ይጠይቁ፤ ዳኛው ከፈቀደ ፖይንት አይያዝም። ሦስተኛውን የሚመርጡት በእርግጥ የሚከራከሩበት ነገር ካለ ነው። ዝም ካሉ ግን መንጃ ፈቃድዎ ሊታገድ ይችላል።

የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፤ ቢቻል ከቀጠሮው 30 ቀን በፊት በቅጽ ይጠይቁ። ልጅዎን ወይም ጎረቤት ይዘው አይሂዱ፤ «ትንሽ ፈጠን ብዬ ነበር» ያሉት በስህተት ሲተረጎም ሌላ ነገር ይሆናል።

ጥያቄ፦ በስልኬ «ያልከፈልከው ቲኬት አለ፣ ዛሬ ካልከፈልክ ትታገዳለህ» የሚል መልእክት መጣ። እውነት ነው?

መልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክ አይጫኑት። የካሜራ ቲኬት በፖስታ ነው የሚመጣው፣ የመኪናዎ ፎቶ አብሮት። ፖስታውን ሳይከፍቱ የሚጥሉ ግን ሌላ ችግር ይጠብቃቸዋል፦ የካሜራ ቅጣት ካልተከፈለ የመኪናው ምዝገባ አይታደስም፤ ይህንንም ብዙዎች የሚያውቁት ምዝገባው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።