ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ብዙዎቻችሁ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነርሲንግ ሆሞች፣ ማለትም በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት፣ ትሠራላችሁ። ወላጆቻችሁን ያስገባችሁም አላችሁ። እኔም ነርስ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ በነዚህ ቤቶች የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ስለሚሰጡ የሳይኮሲስ፣ ማለትም የከባድ የአእምሮ ሕመም፣ መድኃኒቶች ነው።

አንዲት እናት ነበሩ፤ የመርሳት በሽታ አለባቸው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ነጠላቸውን ይፈልጋሉ፤ ሊጸልዩ ነው። በዚያ ፈረቃ አማርኛ የሚሰማ የለም። ነጠላው ሲጠፋባቸው ይጮኻሉ። መዝገባቸው ላይ «ይረብሻሉ» ተብሎ ተጻፈ፤ የሳይኮሲስ መድኃኒት ታዘዘ። ልጃቸው ሥራ ላይ ሳለች ተደወለላት። «ማረጋጊያ ነው» አሏት፤ እሺ አለች። በሳምንቱ ስትመጣ እናቷ አንገታቸውን ደፍተው፣ ምራቃቸው እየወረደ አገኘቻቸው።

ልጅቷ ምን ታድርግ? ማን ነገራት? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ገና በ2005 እንደ ሴሮክዌልና ሪስፐርዳል ያሉት የሳይኮሲስ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። በ2008 እንደ ሃልዶል ያሉትን የቆዩትንም ጨመረ። ይህን ሳይሰሙ እሺ ማለት ፈቃድ መስጠት አይደለም።

መድኃኒቶቹ የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች አሉ። ስለዚህ በራሳችሁ አታስቋርጡ፤ ሐኪሙን አነጋግሩ። ግን ሠራተኛው እንዲቀለው ብሎ ሰውን በመድኃኒት ማደንዘዝ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ታካሚው፣ እሱ ካልቻለ ወኪሉ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ጥቅሙን፣ ጉዳቱንና ሌላ አማራጭ መኖሩን የማወቅ መብት አለው። እንቢ ማለትም ይችላል። «ሲያስፈልግ ይሰጥ» ተብሎ የታዘዘ የሳይኮሲስ መድኃኒት ከ14 ቀን አያልፍም፤ ሐኪሙ ራሱ ታካሚውን ሳያይ አይታደስም።

እና ጠይቁ። ለየትኛው ሕመም ነው? ከመድኃኒቱ በፊት ምን ተሞከረ? ሽንታቸው ታይቷል? አረጋውያን የሽንት ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ድንገት ሊቃዡ ይችላሉ፤ ያንን በአንቲባዮቲክ ማዳን ሲቻል ሰው ለምን ይደነዝዛል? እያመማቸው ይሆን? እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ነፃ ነው። እባካችሁ የ12 ዓመት የልጅ ልጅ አታስተርጉሙ።

ሠራተኞች ደግሞ፣ ያያችሁትን እንዳለ ጻፉ። «ነጠላ ፈልገው ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ሐኪሙ የሚያዘው ሌላ ነው።

መልስ ከነፈጓችሁ በየስቴቱ የነርሲንግ ሆም ኦምቡድስማን፣ ማለትም የነዋሪዎችን አቤቱታ ሰምቶ የሚከራከርላቸው አካል፣ አለ። አያስከፍልም፤ ስልኩም በየተቋሙ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

የወላጆቻችሁን የመድኃኒት ዝርዝር የያዛችሁ ካላችሁ አልሄድም፤ አብረን እናየዋለን። አመሰግናለሁ።