250 ኪሎን በዳሌ መያዝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሀዋሳ ነው፤ የዝናቡ ድምፅ ማይኩ ውስጥ ከገባ ይቅርታ።

የዛሬው ክፍል ስለ መንዳት ሳይሆን ስለ መግፋት ነው። ከባድ ሞተር ከግቢ ስናወጣ፣ ስናዞር፣ ወደ ኋላ ስንመልስ፣ ስናቆም፣ ማለትም እግራችን መሬት ረግጦ የምንሠራው ሥራ። ብዙ ሰው ሞተር የሚወድቀው በፍጥነት ብቻ ስለሚመስለው ለዚህ ጉዳይ ቁብ አይሰጠውም። ግን ትልቅ ሞተር ያለውን ሰው ስፖኪዮው ለምን እንደተቧጨረ፣ የፍሪሲዮን እጀታው (በግራ እጅ የሚጨበጠው፣ ኃይሉን ከኋላ ጎማ የሚያላቅቀው) ለምን እንደተጣመመ ጠይቁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቆሞ ነው የወደቀብኝ" ይላችኋል።

አንድ ነገር ላስቀድም። በእኛ አማርኛ ሙሉው ተሽከርካሪም ሞተር ነው፣ ውስጡ ያለውም ሞተር ነው። ዛሬ እንዳንደናገር ሙሉውን ሞተር፣ እሳት የሚነሳበትን ደግሞ ኢንጂን እላለሁ።

እንግዲህ ክብደት። በየመንገዱ የምናያቸው ቦክሰር አይነቶቹ ከ110 እስከ 125 ኪሎ ገደማ ናቸው። ዘንበል ቢሉም በክንድ ይመለሳሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ክንዱ ያንን ለምዷል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርዱ ተጓዦች ይዘዋቸው የሚያልፉትን ሞተሮች ደግሞ አስቡ፤ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን 226 ኪሎ፣ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ 249 ኪሎ፣ ያውም ያለ ጎን ሳጥን። ታንከሩ ሙሉ ከሆነ 20 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 15 ኪሎ ነው፤ እሱም የተቀመጠው ላይኛው ቦታ ላይ።

እስቲ እናስላው። 220 ኪሎ ሞተር ይሁን፤ የክብደቱ መሃል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ እጃችሁ ደግሞ መሪው ላይ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ቀጥ ብሎ ሲቆም ምንም አይጫናችሁም፤ ሁለት ጣት ይይዘዋል። 5 ዲግሪ ሲያዘነብል 10 ኪሎ ተኩል ገደማ ይጫናችኋል። 10 ዲግሪ ላይ 21 ኪሎ። 20 ዲግሪ ላይ 41። 30 ላይ 60 ኪሎ። ይህን ወደ ላይ ማንሳት አይደለም፤ ወደ ጎን በተዘረጋ ክንድ መያዝ ነው። ከግማሽ ኩንታል ጤፍ በላይ በዚያ አያያዝ የሚችል ክንድ ብዙ የለም። ስለዚህ ከ10 ዲግሪ በፊት ነው ነገሩ የሚያልቀው። ከ20 ዲግሪ በኋላ ያለው ጉልበት ወገብ ለመጉዳት ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም።

ታዲያ ሞተሩን ከመንካታችሁ በፊት መሬቱን እዩ። የጎማውን መንገድ ሁሉም ያያል። የሚረሳው የራስ እግር መንገድ ነው። ሞተሩ በደህና ሄዶ ሰውየው ላላ ያለች የኮብልስቶን ድንጋይ ረግጦ ከተደናቀፈ ሁለቱም አንድ ላይ ይወርዳሉ። ከዝናብ በኋላ ኮብልስቶን ላይ ስስ ጭቃ ሲተኛ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ ወይም ነጠላ ጫማ እንደ ሳሙና ነው። ጫማ ቀይሩ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አሁን አቋቋም። ከግራ በኩል ቁሙ፤ ማቆሚያው ያለው እዚያ ስለሆነ ሲጨንቅ በእግር ታወርዱታላችሁ። (የያማሃ ኤጂ 200 የገጠር ሞተር በሁለቱም ጎን ማቆሚያ አለው። ከባዶቹ ሞተሮች ይህን ለምን እንዳልወረሱ አይገባኝም።) ግራ እጅ የመሪው ግራ መያዣ ላይ፣ ቀኝ እጅ ወይ ቀኙ መያዣ ላይ፣ ወይ ከመቀመጫው ኋላ ያለው ብረት ላይ። ዳሌያችሁ ታንከሩና መቀመጫው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይለጠፍ፤ ይለጠፍ ስል በእውነት ይለጠፍ፣ አየር አይግባበት። ሞተሩን 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ራሳችሁ አዘንብሉት። 6፣ 7 ኪሎ ነው ዳሌያችሁ ላይ የሚያርፈው፤ ይሰማችኋል፣ ግን አይከብድም። ያ የሚሰማችሁ ክብደት ነው ወሬ ነጋሪያችሁ። ጠፋ ማለት ሞተሩ ወደ ቀኝ መሄድ ጀምሯል፣ ወደ ቀኝ ደግሞ የሚይዘው ማንም የለም። ክብደቱ ከበዛ ደግሞ ግራ እግራችሁን ሰፋ አድርጉ። ክንድ የሚያገለግለው ለመምራት ነው፣ ክብደት የሚሸከመው ዳሌ ነው። ከሞተሩ ግማሽ ሜትር ርቆ ክንዱን ዘርግቶ የሚገፋ ሰው ስታዩ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ብዙ አያስጠብቃችሁም።

ፍሬን ላይ ቆየት እንበል። ቆሞ ለመውደቅ የታወቀው መንገድ ይሄ ነው። መሪው ታጥፎ ሳለ የፊት ፍሬንን ጭብጥ ማድረግ። የፊት ጎማው ወደ ግራ ዞሯል፣ ክብደቱ ግን ገና ወደ ፊት እየሄደ ነው። ጎማው በድንገት ሲቆም ክብደቱ የሚሄድበት ስለሌለው መሪው ወደታጠፈበት ጎን ይወድቃል። ወደ እናንተ ከሆነ እግር ላይ፣ ወደዚያ ከሆነ ስፖኪዮ ላይ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ ከዚያ በሁለት ጣት ቀስ። አራቱም ጣት እጀታው ላይ ከሆነ ሲደነግጡ ጭብጥ ማድረግ አይቀርም።

ቀኝ እጃችሁ ኋላ ብረቱ ላይ ከሆነ ግን ፍሬን የለም ማለት ነው። ያኔ ፍሪሲዮኑ ፍሬን ይሁን። ኢንጂኑ ይጥፋ፣ አንደኛ ማርሽ ይግባ፣ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ ግፉ። ለማቆም እጀታውን ልቀቁት፤ የኋላ ጎማው በኢንጂኑ ተይዞ ይቆማል። ኒውትራል ላይ አድርጎ መግፋት ቀለል ይላል፣ እውነት ነው፤ ግን ሞተሩ ራሱ መሄድ ሲጀምር የሚይዘው ነገር የለም። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ላይ ፍሪሲዮን ተጨብጦም ይከብዳል፤ ዘይቱ ቀዝቅዞ ሳህኖቹን አጣብቋቸዋል። ፍሪሲዮኑን እንደጨበጣችሁ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ብታወዛውዙት ይላቀቃል።

ሀዋሳ ሜዳ ነው ይባላል። ከታቦር ተራራ ግርጌ ካልሆናችሁ በቀር እውነትም ሜዳ ነው። ግን ሞተር የሚወድቀው ከተማው ውስጥ ሳይሆን የግቢው በር ላይ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሎ ግቢው ዝቅ ብሎ የቀረበት ቤት አለ፤ ግቢው ከፍ ብሎ የቀረም አለ። መሃል ላይ ቦይ፣ ከቦዩ በላይ የሲሚንቶ ክዳን፣ ከዚያ የበሩ ብረት ደፍ። በ1 ሜትር ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ትንሽ ይመስላል፤ 220 ኪሎ ሞተር ግን እዚያ ላይ በ22 ኪሎ ይጎትታችኋል፣ ሁለታችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄዳችሁ።

ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ካለ፣ ኋላውን አስቀድማችሁ አስገቡት። በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን እየለቀቃችሁ እየያዛችሁ፣ በእርምጃ። ወደ ታች የቀደመው የኋላ ጎማ ስለሆነ ክብደቱ እሱ ላይ ነው፣ ስለዚህ በደንብ ይይዛል። ጠዋት ኢንጂን አስነስታችሁ ፊት ለፊት ነድታችሁ ትወጣላችሁ። ግቢው ከፍ ካለ ነድታችሁ ግቡ፣ ሜዳው ላይ አዙሩት። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በእጅ ስታወርዱ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ ኋላው ቀለል ብሎ ጠጠር ላይ ሊንሸራተት ይችላል፣ ስለዚህ እዚያ ቀኝ እጅ ፍሬኑ ላይ፣ መሪ ቀጥ።

ደፉን ሁልጊዜ በቀጥታ፣ በ90 ዲግሪ። አግድም ከመጣችሁ ጎማው የብረቱን ጠርዝ ይዞ ይንሸራተታል። ደፉ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ወፍራም ጣውላ አድርጉለት፤ ጎን ለጎን ሌላ ጣውላ ለእግራችሁ። ይሄ ሁለተኛው ጣውላ ነው የሚረሳው። የቦይ ክዳኖች መሃል ያለው ክፍተትም ከጎማው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆነ ጎማ ይበላል፤ ክፍተቱን በቀጥታ አቋርጦ መሻገር ነው።

ዳገቱን በኢንጂን ኃይል ጎን ለጎን እየሄዱ ማውጣት ይቻላል። አደጋው የቀኝ እጅ አንጓ ነው። ስትደናቀፉ መያዣውን ይዛችሁ ትንጠለጠላላችሁ፣ ነዳጅ መስጫው ይዞራል፣ ሞተሩ ይፈተለካል። ክርናችሁን ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጉ፣ ግራ እጃችሁ ፍሪሲዮኑን በፍጥነት ለመጨበጥ ይዘጋጅ።

ስለ ማቆም አጭር። ተዳፋት ላይ ፊቱን ወደ ዳገቱ፣ አንደኛ ማርሽ ውስጥ። ቁልቁል ከቆመ ትንሽ ሲንሸራተት ማቆሚያው ራሱ ይታጠፋል። ማቆሚያው ያረፈበት ጎን ከፍ ካለ ሞተሩ በጣም ቀጥ ይላል፣ ነፋስ ወይም ልጅ ወደ ቀኝ ይጥለዋል። በሐይቁ ዳር እንዳለው ለስላሳ አፈር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የተጠፈጠፈ የዘይት ጣሳ ከማቆሚያው ስር አድርጉ። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ የድንጋዩ ፊት ላይ እንጂ ክፍተቱ ውስጥ አይረፍ። የመሃል ማቆሚያ ካለው በክንድ አታንሱት። ሁለቱም የማቆሚያው እግሮች መሬት መንካታቸውን በቀኝ እግራችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ሙሉ ክብደታችሁን እላዩ ላይ ጥላችሁ ቁሙ፤ እጅ የሚያደርገው ሞተሩን ወደ ኋላ መምራት ብቻ ነው። ከከበደ የኋላ ጎማውን 2 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ አውጡት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ረዳት። እዚህ አገር ሞተር የሚገፋ ሰው ብቻውን አይቆይም። ባጃጁን አቁሞ የሚወርድ አለ፣ ከሱቅ የሚወጣ አለ፣ "አይዞህ ወንድሜ!" ይባላል። መልካምነቱ ግሩም ነው። ግን አንዱ ስፖኪዮ ይይዛል፣ አንዱ ፍሬቻ ይጎትታል፣ አንዱ ከቀኝ በኩል በሙሉ ጉልበቱ ወደ እናንተ ይገፋል። ሦስት ሰው ሲይዘው ዳሌያችሁ ላይ ያለው ወሬ ነጋሪ ይጠፋል፤ የማን ግፊት እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ሁሉም "እሱ ይዞታል" ብሎ በአንዴ ይለቃል። ስለዚህ ገና ሲጠጉ ንገሯቸው። አንድ ሰው ብቻ፣ ከኋላ፣ ፖርቶመጋላው (የኋላው ዕቃ መጫኛ) ላይ፣ "ወንድሜ፣ ወደ ፊት ብቻ ግፋልኝ፣ ወደ ጎን አትያዝ" በሉት። "አቁም" ስትሉ እንዲያቆም ተስማሙ። ሚዛኑን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እናንተ ናችሁ።

እና ካለፈስ? ከ20 ዲግሪ ካለፈ ልቀቁት። ወደ እናንተ ከሆነ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ፤ ጉልበት ስሩ አታስገቡ። ወደዚያ ከሆነ መሪውን ይዛችሁ አትከተሉት፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ትወድቃላችሁ። የጎን ሽፋን ይገዛል።

ለማንሳት መጀመሪያ ቁልፉን አጥፉ፣ ቤንዚን እየፈሰሰ መሆኑን እዩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። በቀኝ ጎኑ ከተኛ ማቆሚያውን አሁኑኑ አውርዱት፣ ሲነሳ እላዩ ላይ ያርፋል። በግራ ጎኑ ከተኛ ማቆሚያው ስሩ ስለሆነ በወዲያኛው ጎን ሰው ይቁም፣ አለዚያ በኃይል አንስታችሁ ወደዚያ ትጥሉታላችሁ። መሪውን ወደ መሬቱ እስከ መጨረሻው እጠፉት። ጀርባችሁን ስጡት፣ መቀመጫችሁን የሞተሩ መቀመጫ ጠርዝ ላይ አስጠጉ፣ አንድ እጅ ታች ያለው መያዣ ላይ፣ ሌላው ኋላ ያለው ብረት ላይ። ጀርባ ቀጥ፣ በጭን እየገፋችሁ ትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ።

ከተነሳ በኋላ ወዲያው አታስነሱ። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን እዩ፣ መሪው ግራና ቀኝ ሳይነካ መዞሩን ሞክሩ፣ ዘይት መንጠባጠቡን እዩ። እና ለቀጣዩ ጊዜ፣ እጀታዎቹን መሪው ላይ የያዟቸውን ቡሎኖች ፈታ አድርጋችሁ እንደገና እሰሩ። ስትነዱ የማይነቃነቁ፣ በመዳፍ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቷቸው ግን የሚዞሩ ይሁኑ። ሞተሩ ሲወድቅ እጀታው ይዞራል እንጂ አይሰበርም።