የተጠባባቂ ወታደር የአካል ጉዳት ጡረታ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ በአሜሪካ ጦር ሪዘርቭ አሥር ዓመት አገልግሏል። በሥልጠና ላይ ወገቡን ተጎድቶ 40 በመቶ የጉዳት ደረጃ ተሰጠው። የሚሠራው በወር ሁለት ቀን ስለሆነ ጡረታው እዚህ ግባ የማይባል እንዳይሆን ሰጋሁ።

መልስ፦ እናታችን፣ በዚህ አይስጉ። መነሻው የቅዳሜና እሑዱ ክፍያ አይደለም፤ በማዕረጉ ሙሉ ወር ቢሠራ ኖሮ የሚያገኘው መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ከፍተኛ የሆኑት 36 ወራት አማካይ ይወሰዳል። 3,500 ዶላር ነው እንበል።

ሒሳቡ በሁለት መንገድ ይሠራና የሚበልጠው ይከፈላል። አንደኛው በጉዳቱ መቶኛ ነው፤ የ3,500 40 በመቶ 1,400 ዶላር ይሆናል። ከ75 በመቶ በላይ ግን አይታሰብም። ሁለተኛው በአገልግሎት ዘመን ሲሆን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተጠባባቂ ዘመን የሚቆጠረው በነጥብ ነው፤ 360 ነጥብ አንድ ዓመት ነው። በዓመት 48 የድሪል (የወርሃዊው ልምምድ) ነጥብ፣ 15 ቀን ዓመታዊ ሥልጠናና 15 የአባልነት ነጥብ ተደምሮ 78 ይሆናል። አሥር ዓመቱ 780 ነጥብ፣ ማለትም ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ብቻ ነው። በ2.5 በመቶና በ3,500ው ሲባዛ 190 ዶላር ገደማ ይወጣል። ዘመቻና መሠረታዊ ሥልጠና በየቀኑ አንድ ነጥብ ስለሚጨምሩ የነጥብ መግለጫውን ቀን በቀን ያመሳክር። ያም ሆኖ ለልጅዎ የሚሻለው 1,400ው ነው። ጉዳቱ ገና ስላልረጋ በጊዜያዊ ጡረታ ዝርዝር ከገባ ደግሞ እዚያ እስካለ ድረስ፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት፣ ከ50 በመቶ አያንስም፤ 1,750 ዶላር ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ጉዳቱ በግዳጅ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠው፣ ሠራዊቱ ላይን ኦፍ ዱቲ የሚለው ሰነድ እጁ ላይ ይኑር። ያለዚያ የአካል ብቃቱን የሚመዝነው የሠራዊቱ ቦርድ ለአገልግሎት ብቁ ነው ወይም አይደለም ብሎ ብቻ ያሰናብተዋል፤ ገንዘብ የለም።

አድማጭ ከዳላስ፦ ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) 70 በመቶ ሰጥቶኛል፤ ሠራዊቱ ግን 20 ብቻ አለኝ። የትኛው ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ለጡረታው የሠራዊቱ ነው። ቪኤ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘውን ሕመም ሁሉ ይደምራል፤ ሠራዊቱ የሚቆጥረው ከሥራ ያገደዎትን ብቻ ነው። ከ30 በመቶ በታች ከሆነና 20 የአገልግሎት ዓመት ከሌለዎት ወርሃዊ ጡረታ የለም። የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፤ የሁለት ወር መሠረታዊ ደመወዝ በአገልግሎት ዓመት ተባዝቶ። ዘመንዎ ቢያንስ እንኳ ሦስት ዓመት ይታሰብልዎታል። ስለዚህ ሌላው ሕመምዎም ሥራዎን ከከለከለዎት ሳይፈርሙ ይከራከሩ። ሠራዊቱ የሚመድበው ጠበቃ በነፃ ነው፤ ቀነ ገደቡ ግን አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ ይደውሉለት።

አድማጭ ከሚኒያፖሊስ፦ የሠራዊቱን ጡረታና የቪኤውን የጉዳት ክፍያ አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል?

መልስ፦ በአብዛኛው አይቻልም። ጡረታው 1,400፣ የቪኤው 1,200 ዶላር ቢሆን 1,200ው ከጡረታው ይቀነሳል፤ በድምሩ የሚደርስዎት ያው 1,400 ነው። ይሁንና የቪኤው ድርሻ ግብር የለበትም። ጉዳትዎ ከውጊያ ጋር የተያያዘ ከሆነ ለተለየ ማካካሻ ማመልከት ይችላሉ፤ ካላመለከቱ ግን አይመጣም። የቪኤው ክፍያ ጡረታውን ሙሉ በሙሉ ቢውጠው እንኳ የጡረተኛነት መታወቂያዎና ትራይኬር የሚባለው የሠራዊቱ የጤና መድንዎ ይቀጥላሉ። ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።