አርባ አምስቷን አትቁረጧት

ክቡራን እንግዶች፣ የጋራዥ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ለጣና ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችውን ሰማያዊ ፒክአፕ ሳያይ የገባ ያለ አይመስለኝም። «ይቺን ደግሞ ከየት ጎትተው አመጧት?» ሲል የሰማሁት ወጣት አለ። አልተቀየምኩም፤ እውነትም ትናንት ተጎትታ ነው የመጣችው። ካርቡሬተሯን ስናጥብ አደርን።

ስሟ ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ 45 ነው። ኤፍ የቤንዚን ሞተሯ ስም ነው፤ ጄ ጂፕ መሰል መሆኗን ይናገራል፤ 45 ደግሞ ከአጭሯ ከ40 ይለያታል። ዘሯ ከኮሪያ ጦርነት ዘመን ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ ቢጄ የተባለ መኪና ሠርቶ ፉጂ ተራራ ላይ እስከ 6ኛው የተራራ ወጪዎች ማረፊያ ጣቢያ አወጣው። የጃፓን ፖሊስም 289 አዘዘ። ላንድክሩዘር የሚለው ስም በ1954 ወጣ፤ ላንድሮቨርን ለመፎካከር ነበር። የ40ዎቹ ትውልድ በ1960 ተጀምሮ በ1984 ለ70ዎቹ ቦታ ለቀቀ። ዛሬ በየመንገዱ የምናያት 79 የተባለችው ፒክአፕ የዚያ ዘር ናት።

ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር ነው፤ መጀመሪያ 3.9 ሊትር፣ ከ1975 ወዲህ 4.2። ጉልበቷ ሳትጮህ ነው የሚመጣው። ክረምት የፎገራ ዋልካ የያዘው ሰው ያውቀዋል፦ ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር ትቀበራለህ። እሷ በከባድ ማርሽ እያጉረመረመች ቀስ ብላ ትወጣለች። ጎንበስ ብላችሁ በካቢናዋና በኋላ ሳጥኗ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። እዚያ የደረቀ ጥቁር ጭቃ አለ፤ እንዳይታጠብ የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ለምን ጠፋች? እዚያ ማዶ ነገሩ ቀረጥ ነው፤ አሜሪካ በ1964 ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ አውሮፓ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ስለጨመረች ነበር። የእኛም ጥፋት ከዶሮ አይርቅም። ረዳት ሳለሁ የአንዷን ሳጥን ቆርጬ አውልቄያለሁ፤ የዶሮ ቤት ሆነ። ሻንሲዋ ለጋሪ ሄደ። ውሃ እያንጠባጠበ ዓሣ የተጫነባቸው ደግሞ ላሜራቸውን ዝገት ከሥር በላው።

በግቢያችሁ አንዲት ካለች፣ መቁረጫው ከመነሳቱ በፊት ጥሩኝ። ዋጋ አልጠይቅም፤ ቡና ካለ ይበቃል።

አሁን ጋሼ፣ ቾኩን ይሳቡና ይሞክሯት። እምቢ ካለች የሚገፋ ወጣት ሞልቷል።